እሁድ በፍራንክፈርት፦ ሱቅ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

መንገደኛው፦ ከስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ፍራንክፈርት ላይ አንድ ቀን ነበረኝ። በረራዬ ማታ ነው። እህቴ የልጇን እግር ወረቀት ላይ አስረግጣ፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ስላ ሰጥታኛለች፤ ጫማ እንድገዛ። ጻይል የሚባለው ትልቁ የገበያ ጎዳና ስደርስ ሁሉም ዝግ ነው። እሁድ! ሻንጣ የያዙ ሰዎች መስታወቱን ተጠግተው ውስጡን ያያሉ። ገንዘብ ይዞ የመጣን እንግዳ ባዶ እጁን መመለስ ማንን ይጠቅማል?

ሻጯ፦ ወንድሜ፣ ባለመግዛትህ አዝናለሁ። እኔ ግን እዚያው ጎዳና ላይ ልብስ እሸጣለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፈረቃዬ ይቀያየራል፤ ማታ 2 ሰዓት የምወጣበት ቀን ብዙ ነው። ከልጆቼ ጋር ቅዳሴ የምሄደው እሁድ ነው። ቤቴ ቡና የሚፈላውም ያኔ ነው። «ሌላ ቀን ታርፊያለሽ» ይሉኛል። ማክሰኞ ባርፍ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ባሌ ሥራ ነው፣ ጎረቤቴም ሥራ ነው። ቡናውን ከማን ጋር ልጠጣ?

ሕግ ተማሪው፦ ነገሩ የጀርመን ሕገ መንግሥት ውስጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የቀድሞው፣ የቫይማር የሚባለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 139 እሁድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ጠበቀ፤ የአሁኑም በአንቀጽ 140 ያንኑ ወሰደ። በርሊን ከገና በፊት ባሉት አራት እሁዶች ሱቅ እንዲከፈት ፈቅዳ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ክፍለ ግዛት የሚፈቀደው በዓመት ቢበዛ 4 እሁድ ነው።

መንገደኛው፦ ታዲያ የባቡር ጣቢያውና የኤርፖርቱ ሱቅ ለምን ይከፈታል? እዚያ የሚሠሩት ልጅ የላቸውም?

ሻጯ፦ አላቸው። ቁጥራቸው እንዳይጨምር ነው የምንታገለው።

ባለሱቁ፦ እኔ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከሻጯ እህቴ ጋር አልስማማም። እሁድ ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ በስልኩ ያዛል። ሰኞ እኔ ጋ መጥቶ ምን ይገዛል? ኪራዩ እንደሆነ እሁድንም ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሄሰን ሻጭ የሌለባቸው ትንንሽ ሱቆች እሁድ እንዲሠሩ ፈቀደች። ማሽን ሲሸጥ ተፈቀደ፣ እኔ በገዛ ሱቄ ቆሜ ስሸጥ ተከለከልኩ። ይህ ፍትሕ ነው?

ሻጯ፦ እዚህ ላይ እውነት አለህ። ለአንተ ለብቻህ ቢፈቀድ አልቃወምም። የምፈራው ትልልቆቹ መደብሮች ተከትለው እንዳይገቡ ነው።

ነባሩ፦ ከተማዋን እሁድ ማየትና መግዛት ለየቅል ናቸው። ለመግዛት ቅዳሜ ነው መምጣት። ክላይንማርክትሃለ የተባለው የገበያ አዳራሽ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ቅመሙ፣ አይቡ፣ ትኩስ ቋሊማው ሁሉ እዚያ አለ። እሁድ ግን ከሮመር አደባባይ ውረድ፤ ቁልፍ በተንጠለጠለበት በብረቱ ድልድይ ማይን ወንዝን ተሻገር። ማዶ ሙዚየሞቹ ተደርድረዋል፤ እሁድ አይዘጉም።

መንገደኛው፦ ድልድዩን አይቻለሁ ጋሼ፣ ያምራል። ልጁ የሚጠብቀው ግን ጫማ ነው።

ሻጯ፦ የእግሩን ልክ በውስጥ መልእክት ላክልኝ። ነገ ከሥራ ስወጣ እገዛለታለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

መንገደኛው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ልኩ 27 ነው፤ ብሩን እልካለሁ። አቋሜን ግን አልቀየርኩም።