ክርክር፦ የውጭ ቋንቋ ችሎታ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ይጻፍ ወይስ በደረጃ?

ጥያቄ አቅራቢ፣ ደብረ ብርሃን
ልጆቻችን ሲቪያቸው ላይ «እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ» ብለው ይጽፋሉ። ቀጣሪውም ማስታወቂያው ላይ ያንኑ ይጽፋል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አንዱም አይነግረንም። የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ ነው) እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከዝቅተኛው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት። ማሠልጠኛዎቻችንና ቀጣሪዎቻችን በዚህ ይጠቀሙ ወይ?

ነርሷ፣ ደብረ ሲና
ይጠቀሙ! ጀርመን አገር በነርስነት ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቢ2 ነው። አንድ ማሠልጠኛ ስምንት ወር አስተምሮ «ከፍተኛ ደረጃ» የሚል ምስክር ወረቀት ሰጠኝ፤ ወርቃማ ማኅተም ያለበት። ሌላ ቦታ የደረጃ መለያ ፈተና ስቀመጥ ኤ2 ሆኜ ተገኘሁ። ራሴን ስጠይቅም እውነት ነበር፤ በሽተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ለተረኛዋ በጀርመንኛ ማስረከብ አልችልም። ስሜንና አድራሻዬን፣ የገበያ ዋጋ መጠየቅን ነበር የማውቀው። ከመጀመሪያው እውነቱ ቢነገረኝ የምከፍለውንም የምጠብቀውንም አውቅ ነበር።

አስጎብኚው፣ መንዝ
እህቴ፣ አዝኛለሁ። እኔ ግን አልደግፍም። እንግሊዝኛ የተማርኩት ጓሳ በሚባለው የመንዝ ጥብቅ ሥፍራ ላይ ከእንግዶች ነው። የጭላዳ ዝንጀሮ ደረት ለምን እንደሚቀላ፣ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚሆን፣ አባቶቻችን ሣሩን እየከለሉ እንዴት እንዳቆዩልን ቆሜ አስረዳለሁ። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፤ ሲሳሳቱም አርማቸዋለሁ። ደብዳቤ ጻፍ ከተባልኩ ግን እጄ ይታሰራል። ታዲያ እኔን በየትኛው ፊደል ልትጠሩኝ ነው? በጽሑፌ ከመዘናችሁኝ እንጀራዬን ዘጋችሁ ማለት ነው።

መምህሩ፣ ደብረ ብርሃን
ወንድሜ፣ ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ ግን የመለኪያው አይደለም። ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መናገርን፣ መጻፍን ለየብቻ ነው የሚያየው። መናገርን ራሱ ብቻህን ስትተርክና ከሰው ጋር ስትነጋገር ብሎ ይለየዋል። የሚለካውም «ይህን ማድረግ እችላለሁ» በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ነው። ቢ1 ላይ የደረሰ ሰው የገጠመውን ይተርካል፣ ለሐሳቡ አጠር ያለ ምክንያት ይሰጣል። ቢ2 ላይ የደረሰ ደግሞ ቋንቋውን በደንብ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ሁለቱም ወገን ሳይጨነቅ ይነጋገራል። አንተ በንግግር ቢ2፣ በጽሑፍ ኤ2 ልትሆን ትችላለህ፤ ሁለቱም ይጻፋሉ። አንዲት ፊደል ብቻ አምጣ የሚለው ቀጣሪው ነው፤ መከራከር ያለብን ከእሱ ጋር ነው። የጎቴ ኢንስቲትዩት (የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም) የጀርመንኛ ቢ1 ፈተና እንኳ አራቱን ክፍሎች ለየብቻ መፈተን ይፈቅዳል፤ የእያንዳንዱ ማለፊያ ከ100 60 ነው።

እናት፣ አንኮበር
መምህር፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ለፈተናው ግን ማን ይከፍላል? ልጄ አዲስ አበባ ሄዳ ልትፈተን መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ምግብ አለባት፤ ከወደቀች ደግሞ እንደገና። ደረጃው ግዴታ ከሆነ ያለው ሰው ልጅ ብቻ ነው የሚያልፈው።

መምህሩ
እውነትዎን ነው እትዬ፣ በዚህ አልከራከርዎትም። ለእያንዳንዱ ሥራ የፈተና ወረቀት ይጠየቅ አልልም። ሕክምና ላይ ይጠየቅ፤ የሰው ሕይወት ነው። ለሌላው ማሠልጠኛው ምስክር ወረቀቱ ላይ «በጣም ጥሩ» ከሚል አራቱን ክሂሎች በየደረጃቸው ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ በታችም ተማሪው ምን ማድረግ እንደሚችል በአማርኛ ይጻፍ። ይህ ወጪ አይጠይቅም።

ነርሷ
ማሠልጠኛው ዋሽቶ ቢ2 ቢጽፍስ? እኔን ያታለለኝ እኮ ወረቀት ነው።

መምህሩ
«ከፍተኛ» የሚለውን ቃል ማንም ሊፈትነው አይችልም። «የበሽተኛን ሁኔታ ለተረኛ ታስረክባለች» የሚለውን ግን ቀጣሪው በአሥር ደቂቃ ይፈትነዋል።

አስጎብኚው
እንዲህ ከሆነ እኔም እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ። የእኔን ንግግር የሚመዝነው ሰው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ አያስቀምጠኝ። ጠዋት ከእንግዶቼ ጋር ጓሳ ይውጣና ጭላዳዎቹ ከገደል ሲወጡ ከኋላዬ ቆሞ ይስማኝ።