ለዲዋሊ ሻሂ ፓኒር ያለ ሽንኩርት እንዴት ይሠራል?

ተማሪው ከዴልሂ
ሰላም ቤተሰብ። አከራዬ ለዲዋሊ፣ ለሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ዘመድ ሰብስበዋል፣ እኔም ሳላስበው «አንድ ወጥ በኔ ይሁን» አልኩ። ሻሂ ፓኒር መረጥኩ፣ ፓኒር የሚባለው የህንድ አይብ በቲማቲም መረቅ የሚሠራበት ወጥ ነው፤ 8 ሰው ይበላዋል። ችግሩ፣ አንቲ (አከራዬ) በበዓል ቀን ቀይም ነጭም ሽንኩርት አይበሉም። ሽንኩርት ሳይቁላላ ወጥ አለ እንዴ? ባለፈው ለራሴ ስሞክር ደግሞ እርጎው ተቆራረጠብኝ፣ ፓኒሩም እንደ ላስቲክ ሆነ። ከቤት የተላከልኝ በርበሬና ንጥር ቅቤ አለ። ልጠቀምበት?

የጓዳ ሰው
ሁለቱንም ሻንጣህ ውስጥ ተዋቸው! በርበሬያችን ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ቅቤውም ሲነጠር ብዙ ቤት ይጨመርበታል። ሴትዮዋን ሳያውቁ ልታበላቸው ነው፤ ነውር ነው። ጊ ግዛ፣ እሱም ንጥር ቅቤ ነው፣ ቅመም ግን የለውም። ለቀለም የካሽሚር ሚርች (የደረቀ ቀይ ቃሪያ ዱቄት) ይበቃል፤ ቀይ ነው እንጂ ብዙም አያቃጥልም።

ቻንዲጋር የኖርኩ
የሽንኩርቱን ውፍረት ካሹ (የለውዝ ዓይነት ነው) ይሰጥሃል። 800 ግራም ፓኒር፣ 1 ኪሎ የበሰለ ቲማቲም፣ 100 ግራም ካሹ ያዝ። ካሹውን ፍል ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፍ። ቲማቲሙን ከዝንጅብል፣ ከ4 ፍሬ ሄል፣ ከ4 ቅርንፉድና ከስባሪ ቀረፋ ጋር ቀቅል። ሲፈርስ ቀረፋውን አውጣና ከካሹው ጋር ፈጭተህ በወንፊት አጥልል። ማጥለሉን አትዝለል። ሻሂ ማለት ንጉሣዊ ማለት ነው፤ ልጣጭ ጥርስ ላይ የሚቀር ንጉሣዊ ወጥ የለም።

ጊው ሲግል ከሙን፣ ከዚያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሂንግ፣ ከተክል ሙጫ የሚሠራ ቅመም ነው። ሂንግ ጥሬውን ይገማል፣ አትደንግጥ። ጊ ላይ ሲያርፍ የሽንኩርትን ቦታ ይሸፍናል። ሚርቹን ጨምረህ እንዳያርርብህ የተፈጨውን ወዲያው ገልብጥበት። ጊው ከላይ እስኪንሳፈፍ በዝግታ አብስል። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ያየ ሰው ይሄን አይስተውም።

ሚጥሚጣ
እርጎው የተቆራረጠው ከፍሪጅ አውጥተህ የሚፈላ ላይ ስለገለበጥከው ይመስለኛል። ጭራሽ ተወው፣ ካሹና 200 ሚሊ ክሬም ይበቃል። ክሬሙን እሳቱን ካጠፋህ በኋላ ጨምር። ፓኒሩን አትጥበሰው። ቆርጠህ ለብ ያለ ጨው ያለው ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆየው፣ መረቁ ውስጥ ግን 3 ደቂቃ ብቻ። መጨረሻ ላይ ካሱሪ ሜቲ በመዳፍህ አሽተህ በትንበት። የደረቀ የአብሽ ቅጠል ነው፤ እኛ ፍሬውን ነው የምናውቀው።

ከአዲስ አበባ
ጣልቃ ልግባና፣ ፓኒር አጥቻለሁ። በአይብ አይሆንም?

ቻንዲጋር የኖርኩ
አይሆንም እህቴ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ይፈረፈራል። 2 ሊትር ቅቤው ያልወጣ ወተት አፍልተሽ 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ሲለያይ በንጹሕ ሻሽ አጥልለሽ ከባድ ድስት ለ1 ሰዓት ጫኚበት። ከ300 እስከ 400 ግራም ይወጣል።

ተማሪው ከዴልሂ
ተባረኩ። አንድ የቀረኝ፣ የምሠራው ዓርብ ነው፣ እኔ ደግሞ ጾም ነኝ። ጨውን ማን ይቅመስልኝ?

ሚጥሚጣ
የአንቲን ልጅ ጥራ። ግን ክሬሙ ከገባ በኋላ ይቅመስ፤ ክሬም ጨውን ያለዝበዋል።