ባሌ ተራሮች፦ እግር፣ ፈረስ፣ ብስክሌትና ዋሻ በአምስት ቀን ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ቀስ በቀስ»

ሰላም ለሁላችሁም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ባሌ ተራሮች ልንሄድ አስበናል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት የላከልን ፕሮግራም ይኸውላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ በመኪና ዲንሾ፣ አመሻሽ ላይ የደጋ አጋዘን ፍለጋ በእግር። ሁለተኛው ቀን በመኪና ሳነቴ አምባ፣ ቱሉ ዲምቱን በእግር መውጣት፣ አዳር እዚያው አምባው ላይ በድንኳን። ሦስተኛው ቀን ከሳነቴ በብስክሌት ቁልቁል ወደ ሪራ፣ ከዚያ ሐረና ጫካ ውስጥ ካቻ፣ አዳር በድንኳን። አራተኛው ቀን ጠዋት የጫካ ቡናና የማር ቀፎ እያየን በእግር፣ ከሰዓት ወደ ዲንሾ ተመልሰን ፈረስ ግልቢያ። አምስተኛው ቀን ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ማታውኑ አዲስ አበባ።

እኔ ብስክሌት አዘውትሬ እነዳለሁ፣ ዳገትም አልፈራም። ወንድሜ ግን ብስክሌት ይዞ ከሰፈር አስፋልት ወጥቶ አያውቅም። ፈረስ ላይ ሁለታችንም ወጥተን አናውቅም። ፕሮግራሙን ሳየው ልቤ ሄዷል፤ ግን ይህ ሁሉ በአምስት ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አልታየኝም። መንገዱን የምታውቁ፣ ያስኬዳል? ምን ልቀንስ፣ ምን ላስቀይር?

መልስ፦ «የጎባ ልጅ»

እህቴ፣ ቦታዎቹን ደህና አድርገው መርጠውልሻል፤ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ያደግሁት ጎባ ነው። ወጣት ሳለሁ ከዲንሾ ለሚነሡ መንገደኞች ጓዝ እየጫንኩ ፈረስ እነዳ ነበር፤ አሁንም ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር ብስክሌቴን ይዤ ሳነቴ እወጣለሁ። ይህን አገር ስለምወደው ሰው ታሞበት ወይም ሳያየው እንዲመለስ አልፈልግም።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲላክልሽ ቀን ቀን ምን እንደምትሠሩ ከማየትሽ በፊት ማታ ማታ የት እንደምትተኙ እዪ። ዲንሾ 3,100 ሜትር ግድም ነው። ሳነቴ 4,000 ሜትር ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። እንግዲህ በፕሮግራማችሁ መሠረት በአንድ ሌሊት ልዩነት 900 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ልታድሩ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ በተራራ ጉዞ የታወቀ ምክር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዶ ስለሚመጣ ከባሕር ዳር አገር ከሚመጣው እንግዳ ይሻላል፣ እውነት ነው። ሳነቴ ላይ ማደር ግን ለእሱም ሌላ ነገር ነው። ራሱን ሲያመው አድሮ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው በማግስቱ ያን ቁልቁለት በብስክሌት እንዲወርድ ማሰብ ለእኔ ፈጽሞ የማይዋጥ ነው።

ስለዚህ ፈረሱን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አምጡት። ባሌ የፈረስ አገር ነው። እዚያ ፈረስ የግማሽ ቀን መዝናኛ ሳይሆን ሰውም ጓዝም የሚሄድበት ነው። ከዲንሾ ተነስታችሁ በወይብ ሸለቆ ሽቅብ ብትሄዱ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሶዶታ አካባቢ 3,500 ሜትር ግድም ላይ ታድራላችሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ ከፍ ትላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሳነቴ የምትደርሱት። ፈረሱ ከፍታውን ቀስ አድርጎ ያስለምዳችኋል። ፈረስ ላይ ወጥታችሁ የማታውቁ ከሆነም ሸለቆው ለጥ ያለ ሜዳ የሚበዛበት ስለሆነ ለመማር ይመቻል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመውጣትሽ በፊት እርካቡ በእግርሽ ልክ እንዲስተካከል ጠይቂ። ፈረስ ነጂዎቹ ራሳቸው በሚጋልቡበት ልክ ትተውት ጉልበቱ የተቆለመመ እንግዳ ብዙ አይቻለሁ። ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላም የኮርቻው ማሰሪያ ሊላላ ይችላልና ወርዳችሁ አስጠብቁት። በቁልቁለት ጊዜ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፤ ለእናንተም ለፈረሱም ይበጃል።

ሌላው የፈረስ ጥቅም ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። ቀበሮው የሚያድነው በቀን ነው፤ ዋና ምግቡም ከዚህ አካባቢ ውጭ የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። ትዕግሥት ካላችሁ ፍልፈሉን ራሱን እዩት፦ ከጉድጓዱ እስከ ወገቡ ብቻ ብቅ ይላል፣ በዙሪያው ያለውን ሣር በፍጥነት በአፉ ይሰበስባል፣ ከዚያ ሳይዞር ወደ ኋላው ይገባል። ቀበሮው ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ደረቱን መሬት አስነክቶ ይጠብቃል። ይህን ከመኪና መስኮት ማየት ከባድ ነው። መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ ስለሆነ ብስክሌት ስትነዱ ከመንገዱ አትውጡ፤ ማንም «ሜዳው ላይ ሞክሩት» ቢላችሁ እምቢ በሉ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ይህ ለእኔ የጉዞው ሁሉ ልብ ነው። ከሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ ስትደርሱ አምባው በድንገት ያልቅና ከእግራችሁ በታች ሐረና ይዘረጋል። ጥዋት ከሆነ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከሰዓት ከሆነ ግን ከታች የሚመጣው ጉም ገደሉን ይሞላዋል፣ ጥምዝምዙ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና የሚታወቀው በድምፁ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በጊዜ መውረድ ግድ ነው። ድርጅቱን በስንት ሰዓት እንደምትነሡ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጫፉ ላይ ካልሆናችሁ እኔ ብሆን አልስማማም።

ጓንት ሙሉ ጣት የሚሸፍን ይሁን። ታኅሣሥ ላይ ሳነቴ ሌሊቱን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ውሃ በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጥዋት ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ አደገኛ ነው። ፍሬኑንም ሳትለቁ አትያዙት፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ አለበለዚያ ይግላል። የፍሬን ሸራው አዲስ መሆኑን ጎባ ላይ ሳላችሁ በዓይናችሁ እዩ። መለዋወጫ ካላማዳሪያና መንፊያ በእያንዳንዱ ብስክሌት ላይ ይኑር፤ ሁሉም በመኪናው ውስጥ ከሆነ መኪናው ሲርቅ ምንም የላችሁም።

ደግሞም ቶሎ አትውረዱ! በአንድ መንገድ ላይ ይህን ያህል ዓይነት አገር የሚገኝበት ቦታ በኢትዮጵያ ሌላ አላውቅም። ከላይ ጅብራ፣ ቀጥሎ አስታ፤ አስታው እየረዘመ ዛፍ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ሽበት የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎበታል። ከዚያ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያ የቀርከሃው ክልል፣ ከዚያ ፀሐይ የማያስገባው ትልቁ ጫካ። ቀርከሃው ጋ ስትደርሱ ብስክሌቱን አቁሙና ዝም በሉ። የባሌ ጦጣ ኑሮዋ ቀርከሃ ላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ዓይነ አፋር ስለሆነች መጀመሪያ የምትሰሙት የቅጠል ኮሽታ ነው። ጉሬዛው ግን አይሸሽም።

ሶፍ ዑመርን ከዚህ ጉዞ አውጡት። የወይብ ወንዝ ጠርቦ ያወጣው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ነው፤ ሼህ ሶፍ ዑመርን የሚያስቡ ሙስሊሞች የሚጓዙበት የተከበረ ቦታም ነው። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዶ፣ ዋሻውን አይቶ፣ በዚያው ቀን አዲስ አበባ መግባት ሾፌሩን መግደል ነው። ወይ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት፣ ወይ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የቀረውንም ቢያንስ ወደ ሰባት ቀን አስረዝሙት። ቀን መጨመር ካልተቻለ ደግሞ ዋሻውንም የሳነቴን አዳርም ትታችሁ፣ ጎባ አድራችሁ ሳነቴን ቀን ላይ ብቻ ተሻገሩ።

መልስ፦ «ነርስ ነኝ»

የጎባ ልጅ ስለ መኝታ ከፍታ ያለው ትክክል ነው። እኔ ጥቂት የጤና ነገር ልጨምር።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ተራራ ላይ ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት፤ እስኪሻል ድረስ ከዚያ በላይ አትውጡ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚያቅተው ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ማውረድ ነው፣ ጥዋትን መጠበቅ አይገባም። አስጎብኚው ለዚህ መኪና ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አስቀድሞ ይንገራችሁ። ዲያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል፤ ነገር ግን ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ስላለ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትዋጡት። የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይቅርባችሁ።

ወደ ታች ወደ ደሎ መና አቅጣጫ ከቀጠላችሁ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ ላይኛው ብርድ አያታልላችሁ። አጎበርና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። በየመንደሩና በየእረኛው ዘንድ ውሻ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በተደጋጋሚ የጨረሰ በሽታ ነው። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ክትባት ወዳለበት በዚያው ቀን ሂዱ።

«ቀስ በቀስ»

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድርጅቱን ዛሬ አናገርኳቸው፤ ፈረሱን ወደ መጀመሪያ ማምጣት ይቻላል ብለዋል፣ ሶፍ ዑመርም ወጥቷል። ሰባት ቀን ሆኗል። የቀረኝ ወንድሜ ነው። ቁልቁለቱን ሙሉውን ልውረድ ብሎ ድርቅ ብሏል። የጎባ ልጅ፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ «የጎባ ልጅ»

ደስ ብሎኛል እህቴ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ወንድምሽ የመጀመሪያውን ጥምዝምዝ በመኪና ይውረድ። ከላይ ያለው ክፍል በጣም ገደላማ ነው፤ ድንገት ጠጠር ላይ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ፍሬኑን ጭምድድ አድርጎ የሚይዝ ጀማሪ ይወድቃል፣ መውደቂያውም ክፉ ነው። ከሪራ በታች መንገዱ እየለዘበ ስለሚሄድ እዚያ ይረከብ፤ ጫካውም የሚያምረው እዚያ ነውና ምንም አይቀርበትም። ልሂድ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ሜዳማው መንገድ ላይ፣ አስጎብኚው እያየው ይንዳ፤ ፍሬን አያያዙንና መታጠፊያ ላይ የሚያየውን አቅጣጫ አይቶ አስጎብኚው ይወስን። ውሳኔው የአንቺም የእሱም አይሁን፣ የአስጎብኚው ይሁን፤ እህትና ወንድም መንገድ ላይ ሲከራከሩ ጉሙ ይደርሳል።

መኪናው ከኋላችሁ እንጂ ከፊት እንዳይሄድ። ብዙ ሾፌሮች ቀድመው ሪራ ወርደው ሻይ እየጠጡ ይጠብቃሉ፤ ይህን አትቀበሉ።

ፈረስ ነጂዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጧቸው፣ የፈረሱንም ስም ጠይቋቸው። ደግሞ ከዲንሾ ስትነሡ የእያንዳንዱ ፈረስ ጭነት ስንት እንደሆነ እዪ፤ ጀርባው የተላጠ ፈረስ ካለ ይቀየርልን በይ። መብትሽ ነው፣ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም። የቀረው፣ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን አስቀድመሽ ጎባ ላይ ለሚኖር ሰው ደውለሽ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቂ፤ ዝናብ ከጣለ ከሪራ በታች ጭቃ ይሆናል፣ ያኔ ብስክሌቱን እዚያው ሪራ ላይ ማቆም ነው።