270 ዊንቸስተሬን ሸጬ 6.5 ክሪድሙር ልግዛ ወይስ ይቅር?

አደን የምታውቁ ወገኖች፣ ምክራችሁን እሻለሁ። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። በየመኸሩ አጋዘን አድናለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) ፈቃድ ደርሶኛል። ጠብመንጃዬ የሚተኩሰው እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣውን 270 ዊንቸስተር ጥይት ነው። ጓደኞቼ ግን «ዘመኑ አልፎበታል፣ በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሙር ግዛ» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል።

ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ቁጥሩ ነው። የእኔ 130 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 930 ሜትር ገደማ ይበርራል፤ የክሪድሙሩ 143 ግሬይን ደግሞ 820 ገደማ። ታዲያ ብልጫው ምኑ ላይ ነው? እንደሚገባኝ የክሪድሙሩ ረጅምና ሹል አረር አየሩን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፤ ነፋስም እምብዛም አይገፋውም። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው አረሩን የሚያሽከረክር ጥምዝም ረጅሙን አረር እንዲያረጋጋ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ትከሻንም ያን ያህል አይመታም። ይህን ሁሉ አምናለሁ፤ ግን ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሩቅ ሲተኮስ አይደለም ወይ? እኔ ከ300 ሜትር በላይ አልተኩስም፤ ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ ማየት አልችልም።

ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ የሚያሳስበኝ አረሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ነው። በ270 ላይ ጠልቆ እንዲገባ የተሠራውን 150 ግሬይን የኖስለር ፓርቲሽን አረር ብጠቀም አይበቃም? ሁለቱንም በኤልክ ላይ የሞከራችሁ፣ በምን ርቀትና በየትኛው አረር እንደመታችሁ፣ እንስሳው ከተመታ በኋላም ምን ያህል እንደሄደ እባካችሁ ንገሩኝ።