ከውጭ ሆኖ የአያቶችን አገር መፈለግ፦ «ሸዋ፣ 1935» ብቻ ሲኖር

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የአያት ወረቀት ላይ የትውልድ ቦታ «ሸዋ»፣ የትውልድ ዘመን «1935» ብቻ ቢል፣ የአባታቸው ስምም በሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ቢገኝ ከየት ይጀመራል? አገር ቤት የልደት መዝገብ ይኖራል?

መልስ

ሰላም ጠያቂያችን። የልደት መዝገቡን ለጊዜው ይተዉት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) እንዲኖር ቢደነግግም፣ ያው ሕግ በቁጥር 3361 ድንጋጌዎቹ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸኑ ድረስ አቆይቷቸዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የተጀመረው በአዋጅ 760/2004 መሠረት በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለሽማግሌ የተሰጠ የልደት ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ካደጉ በኋላ በቃላቸው ወይም በምስክር የተሞላ ነው። ስለዚህ ሰርተፍኬቱ የሚያስረዳው ያን ዕለት ምን እንደተባለ ነው እንጂ ልደቱን አይደለም። አይጣሉት፣ ግን ከሌላ ሰነድ ጋር ሳያስተያዩ አይመኑት።

ሥራው የሚጀምረው ከስሙ ነው። ማናቸውንም መዝገብ ከመክፈትዎ በፊት ስሙን በፊደላችን እስከ አያት ጽፈው ያስቀምጡ። የውጭ ቅጽ ሦስተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ስለሚያደርገው፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሁሉ የአንድ ቅድመ አያትን ስም ይዘው ይቀራሉ፤ የመካከለኛው ትውልድ ስም ይጠፋል። ከዚህ የባሰው የጥምር ስም መሰንጠቅ ነው። «ገብረ መድኅን» በላቲን ፊደል ተለያይቶ ሲጻፍ «ገብረ» የራስ ስም፣ «መድኅን» የአባት ስም መስሎ ይመዘገባል፤ እውነተኛው አባት አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል። የአባት ስም በሁለት ሰነድ ተለያየ ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ»፣ «ወለተ» የሚሉትን ሁሉ አንዴ ገጥመው፣ አንዴ ለያይተው ይፈልጉ።

የፊደሉም ጉዳይ አለ። «ገ»ን እንግሊዝኛ የሚጽፈው በጂ ብቻ ነው፤ በጣሊያንኛ ወረቀት ጂ እና ኤች፣ በፈረንሳይኛ ወረቀት ደግሞ ጂ እና ዩ ሆኖ ይገኛል። «ቀ» በኬም በኪውም፣ «ጸ» በቲ-ኤስ፣ በቲ-ዜድ ወይም በኤስ ብቻ ይመጣል። ለአንድ ስም ስድስት ሰባት አጻጻፍ አስቀድሞ መዘርዘር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ለክርስቲያን ቤተሰብ ደግሞ የክርስትና ስምን መጠየቅ ግድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰነድ ላይ ሰው የሚጠራው በመጠሪያ ስሙ ሳይሆን በክርስትና ስሙ ሊሆን ይችላል። ዘመድ «አላውቀውም» ካለዎት፣ ለተዝካር ወይም ለጸሎት ስማቸውን ለካህን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ያ ሰው ያውቀዋል።

መልስ

በተባለው ላይ ስለ ዘመኑ ልጨምር፤ «1935» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለምና። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከመስከረም 1942 እስከ መስከረም 1943 በፈረንጅ ነው። ሳይቀየር በቀጥታ ተገልብጦ ፓስፖርት ላይ ከገባ ሰውየውን ከ7 እስከ 8 ዓመት ያስረጃቸዋል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ አንዱ በትክክል 1943 ብሎ የቀየረውን ሌላው አሁንም የእኛ መስሎት 8 ጨምሮ 1951 ያደርገዋል።

ስሌቱ ይኸው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይጨመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1935 ጃንዋሪ 20 ቀን 1943 ነው። ለአራት የሚካፈል ዓመት ሲሆን (1928፣ 1932 እያለ ይሄዳል) አዲስ ዓመት የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ስለሆነ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይዛነፋል።

የትኛው ቁጥር እውነት እንደሆነ የሚፈርደው በጨዋታ መሀል የሚነገር ነገር ነው። አያት «ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ በአንቀልባ ነበርኩ» ብለው የሚያውቁ ከሆነ፣ መግቢያው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ስለሆነ፣ ያ «1935» የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1927 ወይም 1928 መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። «ጣሊያን ከወጣ ወዲያ ነው የተወለድኩት» ካሉ ግን የእኛው 1935 ይሆናል። ለእሳቸው ወላጆች ደግሞ የ1911ዱ የኅዳር በሽታና የ1923ቱ የኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጥሩ መለኪያ ናቸው። ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ «ያኔ ምን ያህል ልጅ ነበሩ? ማንን አዝለው ነበር?» ማለት ይሻላል።

በስደት ሰነድ ላይ ጃንዋሪ 1 ካዩ ቀኑ አለመታወቁን እንጂ ልደትን አያሳይም፤ ተነሥተው አያስሉት።

መልስ

ቦታውን በተመለከተ፦ «ሸዋ» ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ ስፋቱ ብዙ አገር ይይዝ ነበር። ቀጥሎ መያዝ ያለበት አውራጃው ነው፦ ተጉለትና ቡልጋ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ ጨቦና ጉራጌ እያለ። እነዚህ ዛሬ በካርታ ላይ በዚያ ስም የሉም። የቀድሞው ጨቦና ጉራጌ ለምሳሌ አሁን በሁለት ክልል ተከፍሏል። የዞንና የወረዳ ስም ብዙ ጊዜ ስለተቀያየረ ሽማግሌን «ወረዳው ማን ይባላል?» ከማለት «ደብሩ ማን ነው? ገበያ የሚወጡት የት ነበር?» ማለት የተሻለ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ መስጊዱንና የቀብር ቦታውን ይጠይቁ። ወሰን ሲቀያየር ታቦቱና ገበያው ባሉበት ይቆያሉ።

በርስት አገር ሌላ በረከት አለ። መሬት እስከ 1967ቱ አዋጅ ድረስ በዘር ቆጠራ ይያዝ ስለነበር ሽማግሎች በአባትም በእናትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥራሉ። ጥንቃቄው፦ ቆጠራው የይገባኛል ማስረጃም ስለነበር የማይጠቅም ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ የሚጠቅም ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ከተለያየ ቅርንጫፍ ሁለት ቆጣሪ ለየብቻ ያስቆጥሩና የሚገጥሙበትን ይያዙ።

ወረቀት ከፈለጉ ደግሞ የመጀመሪያ ምርጫዬ የፍርድ ቤት የወራሽነት ፋይል ነው። ሟች፣ ልጆች፣ የትዳር ጓደኛ፣ አንዳንዴም ቀድመው የሞቱ ልጆች ሳይቀሩ በስማቸው ይገኙበታል፤ ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ናቸው። ቀጥሎ የጡረታ ፋይል፣ የቤት ካርታ፣ የእድር መዝገብ። ከውጭ ሆኖ ይህን ለማስወጣት ውክልና ያስፈልጋል፤ የብዙ ሰው ድካም መና የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው። «ስለ እኔ ሆኖ እንዲከራከር» የሚል ውክልና ብቻ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ፋይል ላያሳይ ይችላል። «ፋይል እንዲመለከት፣ የተረጋገጠ ግልባጭ እንዲወስድ» የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት፤ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተፈረመ በኋላም አገር ቤት ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ማለፉን አይርሱ።

ተጨማሪ

አያት ወይም ወላጅ አሜሪካ ገብተው ከነበረ የኢሚግሬሽን ፋይላቸው፣ ኤ-ፋይል የሚባለው፣ አገር ቤት ካለው ወረቀት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። በስደተኛነት ከመጡ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ቤተሰቡ ይዘረዘራል፤ የቀድሞው ጂ-325ኤ ቅጽ ደግሞ የአባትና የእናትን ስምና የትውልድ ቦታ ይጠይቅ ነበር። ፋይሉን ለማግኘት ሲያመለክቱ ሰውየው በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸው በፊርማ፣ ካረፉ የሞት ማስረጃ ይያያዛል። ማመልከቻው ላይ ስማቸውን ያኔ በተጻፈበት አጻጻፍ ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ካልሆነ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል።

ዲኤንኤን በሚመለከት፣ ከአንድ አያት በአማካይ 25 በመቶ ይወረሳል። ምርመራው ዘመድ ያገናኛል፣ መንደር ግን አይነግርም። የሚያስመረምሩ ከሆነ ከራስዎ በፊት በሕይወት ያሉትን ትልቅ ሰው ያስመርምሩ፣ እሳቸው ከፈቀዱ።

ደብሩ ከታወቀ በኋላ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍትን የመረጃ ቋት ይመልከቱ። ከ1973 በፈረንጅ ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች እዚያ አሉ። በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ቅጠሎች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ክርክር ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል። በደብሩ ስም ይፈልጉ፤ በሰው ስም ከፈለጉ አብዛኛው ያመልጥዎታል።