ካርቱም ላሉት የሰፈር ነፃ ምግብ ቤቶች ገንዘብ እንዴት እንላክ?

የወሎ ሰፈሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ብዙ ዓመት የኖረችው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ሲጀመር በመተማ በኩል ወጣች፣ ጎረቤቶቿ ግን እዚያው ቀሩ። እስክትወጣ ድረስ ውሃና ዳቦ በር ድረስ ያመጡላት የነበሩት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። አሁን እድራችን ለእነዚህ ልጆች ትንሽ አዋጥቷል። ልብስና ዱቄት ይሻላል ወይስ ገንዘብ? መድረሱንስ በምን እናውቃለን?

ካርቱም የነበርኩ፦
እህቴ፣ ገንዘብ ላኩ። ዱቄቱ በየኬላው ሲቀነስ ነው የሚያልቀው። የምትያቸው ልጆች የአደጋ ጊዜ ምላሽ ክፍል የሚባሉት ናቸው። ብዙዎቹ ከጦርነቱ በፊት ለተቃውሞ በየሰፈሩ የተደራጁ ስለነበሩ ይተዋወቃሉ፤ የትኛው ቤት አቅመ ደካማ እንዳለ፣ ማን ኢንሱሊን እንደሚወስድ አብጠርጥረው ያውቃሉ። ለሰፈሩ ሰው በነፃ የሚያበስሉበትን ምግብ ቤት «ተኪያ» ይሉታል። በጎላ ምስር ወይ ፉል ይጣዳል፣ ሕፃናት ባልዲ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ለብዙ ቤተሰብ የቀኑ ምግብ ያው ነው። ገንዘቡ «ባንከክ» በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይገባላቸዋል፣ ነጋዴው በስልክ ተቀብሎ እህሉን ይሰጣል። ከእድርተኞቹ ሪያድ ወይ ዱባይ ሰው ያለው ካለ፣ እዚያ ያሉ ሱዳናውያን ያስገቡላችኋል።

ሳሚ፦
ኔትወርክ ከጠፋ ባንከክም የለም። በ2016 ጥር መጨረሻ አገሩ በሙሉ ሲቋረጥ ስንቱ ምግብ ቤት እሳት ማንደድ አቁሞ ነበር፤ በኋላ ስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) ላለው ሰው በሰዓት እየከፈሉ ነው የተገናኙት። ስለዚህ መልስ ቢዘገይ በሉን ብላችሁ አትጠርጥሩ። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ግን እባካችሁ የልጆቹን ፊትም የቤቱንም ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች በጎ ፈቃደኞችን አስረዋል፣ የተገደሉም አሉ።

የደሴ ልጅ፦
እኔ የምለው በአንዴ አትላኩ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲያርፉ የመጀመሪያ ሰሞን ዳቦው ተርፎ ሻገተ፣ ወር ሳይሞላ ግን የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ሱዳንም ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በመቶዎች የሚቆጠሩ ተኪያዎች ተዘግተዋል። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የማትቀር ብር ትበልጣለች።

የወሎ ሰፈሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልብሱን ትተነዋል። ከእድሩ ወርሃዊ መዋጮ ላይ የተወሰነ እንዲመደብ እሁድ ለዳኛው አቀርባለሁ። ጅዳ ያለች የአክስታችን ልጅ አለች፣ እህቴ የጎረቤቷን ቁጥር ትሰጣታለች።