የልጄ የኮሌጅ ፉትቦል ስኮላርሺፕ ግራ አጋብቶኛል

ወገኖቼ፣ የምታውቁ ምከሩኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ በአሜሪካን ፉትቦል ኪከር ነው፣ ማለትም ኳሱን በእግሩ የሚመታው ተጫዋች፤ መቼም እግሩ የተፈታው በእኛው እግር ኳስ ነው። ሁለት ትንንሽ ኮሌጆች ይፈልጉታል። አንዱ ዲቪዚዮን 2 ነው፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ሁለተኛው እርከን፤ እዚያ ለቡድኑ በሙሉ የሚፈቀደው ቢበዛ የ36 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ስለሆነ ለብዙ ተጫዋች ይሸነሽኑታል። ለእኛ የደረሰን የምግቡና የመጻሕፍቱ ብቻ። ሌላው ዲቪዚዮን 3 ነው፤ ለስፖርት ብሎ አምስት ሳንቲም መስጠት በደንቡ ክልክል ነው። አሰልጣኙ ግን «በክፍል ውጤቱ የትምህርት እርዳታ ያገኛል» እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። ትናንት ሁለቱን ወረቀቶች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስደምር ስቀንስ አመሸሁ፤ ሁለተኛው ይረክሳል። ልጁ የሚታየው ግን «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ነው። ቡድኑን ቢለቅ የትምህርት እርዳታው ይቀጥልለታል? አሰልጣኙን «በጽሑፍ ስጠኝ» ብለውስ ነውር ይሆን? መልስ የምንሰጥበት ቀን ደርሷል።